ነብር አቆስጣ ምን ይመሰክራል?

ክርክር በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ብድግ ብሎ «ጠንካራው ደካማውን መብላቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው» ማለቱ አይቀርም። ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይውጣል፤ አንበሳ አጋዘንን ይሰብራል፤ እንግዲህ ባለጸጋው ድኻውን ቢጫን፣ ባለሥልጣኑ ተራውን ሰው ቢረግጥ ምን ያስደንቃል ይሉናል። ይህ አነጋገር የሳይንስ ካባ ስለ ደረበ ብዙዎቻችንን ዝም ያሰኛል። እኔ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ብሆንም ከሳይንሱ ሰፈር አንድ ምስክር ጠርቼ ከአንባቢዎቼ ጋር ልመረምረው እወዳለሁ። ምስክሩም ለዚያ ወገን እጅግ የሚመች የሚመስል፣ በጨካኝነቱ ስሙ የገነነ አውሬ ነው፤ ነብር አቆስጣ ይባላል።

አቆስጣ የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከኦሪት ዘጸአት፣ የድንኳኑ መሸፈኛ ከሆነው ቁርበት ነው። እዚህ ላይ የምለው ግን ፈረንጆች «ሲል» የሚሉትን፣ እግሮቹ እንደ መቅዘፊያ የሆኑለትን ጡት አጥቢ የባሕር እንስሳ ነው። ወገኑ ብዙ ነው። ከነዚህም አንዱ የሆነው ነብር አቆስጣ የሚኖረው በምድር ደቡባዊ ጫፍ፣ በአንታርክቲካ ዙሪያ በሚንሳፈፈው በረዶ መካከል ነው። ሴቲቱ ከወንዱ ትበልጣለች፤ ርዝመቷ ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ክብደቷም እስከ 500 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ጉሮሮዋና ሆዷ ዝንጉርጉር ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህን እንስሳ ስም ያወጡት ግን ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ስምም አውጥተውለታል። ተራው ሰው ነጠብጣቡንና ቁጣውን አይቶ «ነብር» አለው። በ1820 በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ፈረንሳዊው ሊቅ ብላንቪል ግን በግሪክኛ ያወጣለት ስም «ጥፍረ ቀጭን» ማለት ነው። በሩቅ የፈራው ነብር ሲለው ቀርቦ የመረመረው ጥፍሩን አይቶ ሰየመው። ፍርድም እንደዚሁ ነው፤ በሩቅ ሲሆን ይከፋል።

አሁን ወደ ክሱ እንግባ። ነብር አቆስጣ በበረዶው ጠርዝ ሥር ውኃ ውስጥ አድፍጦ ፔንግዊኖችን ይጠብቃል። ፔንግዊን መብረር የማይችል፣ በመዋኘት ግን የተካነ ወፍ ነው። በተለይ በጥርና በየካቲት ጫጩቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባሕር ሲወርዱ፣ ገና መዋኘት ያልለመደውን ይዞ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ራሱንም ግራና ቀኝ እያወናጨፈ ከውኃው ጋር ያላትመዋል። ይህን በፊልም ያየ ሰው «ለመብላት ብቻ ቢሆን እንዲህ ባላሠቃየ» ይላል።

ነገር ግን ነብር አቆስጣ እጅ የለውም። አንበሳ ሥጋውን በመዳፉ ረግጦ ይቦጭቃል፤ እርሱ ግን ውኃ ላይ የሚረግጥበት ነገር የለውም፤ ጥርሱም ለማኘክ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ በጥርሱ ነክሶ በማወናጨፍ ካልበጣጠሰ በቀር ሊውጠው አይችልም። እኛ በቢላዋ የምንሠራውን እርሱ በአንገቱ ይሠራዋል።

ደግሞም ያው አፍ ሌላ ሥራ አለው። የፊት ክራንቻው የአውሬ ነው፤ የኋላ ጥርሶቹ ግን እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጫፍ ያላቸው ሲሆኑ ላይኛውና ታችኛው ሲገጥሙ ወንፊት ይሆናሉ። በዚህ ወንፊት ክሪል የተባለውን፣ ከጣት የማይበልጥ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት ከውኃው እያጣራ ይመገባል። ከ2010 በኋላ በሲድኒ የታሮንጋ መካነ አራዊት ተመራማሪዎች ውኃውን ስቦ በጥርሱ ሲያጣራ በቅርብ ተመልክተውታል። ታላቁ ነብር ከምግቡ ብዙውን እንደ ዓሣ ነባሪ እያጣራ የሚያገኝ ነው። ይህን ግን ማንም ፊልም አድርጎ አያሳየንም፤ ደም የለበትማ!

እውነቱን ልደብቅ አልፈልግም፤ ነብር አቆስጣ የዋህ ነው ማለቴ አይደለም። የሌሎች አቆስጣዎችን ግልገል ይበላል። አንዳንዴ የያዘውን ፔንግዊን ለቆ መልሶ ሲይዘው ይታያል። በ2003 ሮቴራ በተባለው የእንግሊዞች የምርምር ጣቢያ አንዲት ወጣት የባሕር ተመራማሪ ወደ ጥልቁ ጎትቶ ገድሏል። በሌላ በኩል በ2006 ፎቶግራፍ አንሺው ፖል ኒክለን ውኃ ውስጥ ቢያገኛት አንዲት ሴት ነብር አቆስጣ ለብዙ ቀናት ፔንግዊን እያመጣች አቀረበችለት፤ በሕይወት ያለውን ሳይዝ ቢቀር የሞተ አመጣችለት። ከነዚህ ከሁለቱ የትኛው ነው «ሕጉ»? አንድ እንስሳ ለሁለት ተከራካሪ የሚመሰክር ከሆነ ጥፋቱ የእንስሳው ሳይሆን ለምስክርነት የጠራው ሰው ነው።

ሻክልተን የመራው ጉዞም ሌላ ትምህርት አለው። መርከቡ ኢንዱራንስ በ1915 በበረዶ ተሰባብሮ ከሰጠመ በኋላ ሰዎቹ በሚንሳፈፍ በረዶ ላይ ሰፍረው ሳሉ፣ አንድ ነብር አቆስጣ ኦርድ-ሊስ የተባለውን ባልደረባ አሳደደው። ፍራንክ ዋይልድ በጠመንጃ ጣለው፤ የተራቡትም ሰዎች ሥጋውን በሉት፤ በሆዱ ውስጥ የተገኘውን ዓሣ ሳይቀር በሉ። ታሪኩ ግን የሚነገረው ሰውን ስላሳደደው አውሬ ነው፤ አውሬውን ስለበላው ሰው አይደለም። ተራኪው በልቶ ያደረው ወገን ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስሁ። ነብር አቆስጣ የሚበላው ፔንግዊንን፣ ክሪልን፣ ዓሣንና የሌላ ወገን አቆስጣን ነው። «ጠንካራው ደካማውን ይበላል» የሚለን ወዳጃችን ግን የሚናገረው ስለ ሰውና ስለ ሰው ነው። ምሳሌው የሚሠራው ድኻውን አስቀድሞ ከሰው ወገን አውጥቶ ፔንግዊን ካደረገው ብቻ ነው። ክርክሩን የረታው በሳይንስ አይደለም፤ ማንም ሳያይበት ወንድሙን ከዝርዝሩ በመፋቅ ነው። ነብር አቆስጣ ከነብር አቆስጣ ጋርስ? ብቻውን መኖር የሚወድ ቢሆንም፣ በደቡብ ጆርጂያ ደሴት አጠገብ ሁለቱ በአንድ የንጉሥ ፔንግዊን ሬሳ ላይ ጎን ለጎን ሆነው ሲመገቡ ተቀርጸዋል።

ይህም ቢቀር፣ ሁሉም እንደ ተባለው ጨካኝ ቢሆን እንኳ፣ ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም በ1740 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳመለከተው፣ ካለው ነገር ተነሥቶ ሊሆን የሚገባውን መደምደም አይቻልም። ነብር አቆስጣ ሌላ መብል፣ ሌላ እጅ፣ ሌላ ምርጫ የለውም። የሰው ልጅ ግን አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳኞች ለጠጉሩ ሲሉ የደቡቡን ባለጠጉር አቆስጣ ዘሩ ሊጠፋ እስኪቃረብ ፈጁት፤ ነብር አቆስጣ በፔንግዊን ላይ እንዲህ ያለ ጥፋት አላደረሰም። ያው የሰው ልጅ ደግሞ በ1972 ለንደን ላይ ተሰብስቦ የአንታርክቲካ አቆስጣዎች የሚጠበቁበትን ስምምነት ጻፈ፤ ነብር አቆስጣም በዓመት ከ12,000 በላይ እንዳይገደል ወሰነ። ገደቡ ሰፊ ነው ቢባል እንኳ፣ በራሱ ጉልበት ላይ ገደብ የሚጽፍ ፍጥረት ከሰው በቀር የትም አይገኝም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ከእንግዲህ ማንም «የተፈጥሮ ሕግ ነው» ብሎ ግፍን ሊያጸድቅ ሲነሣ ዝም አንበል፤ «የማን ሕግ? ማን ጻፈው? ማንን ፔንግዊን አደረግኸው?» ብለን እንጠይቀው። ለሚሠራው ግፍ መልስ መስጠት ያለበት ራሱ ነው፤ በአውሬ ጥርስ ሊያመካኝ አይገባውም።