የበልግ ተጓዥ አእዋፍና የቆላው የኤሌክትሪክ ምሰሶ

ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት ባሉት ሳምንታት በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በምትገኘው የኤይላት ከተማ ዙሪያ ወደሚገኙት ራቁት ተራሮች በየማለዳው የሚወጡ ሰዎች አሉ። የከተማዋ ነዋሪዎች፣ ተማሪዎች፣ ጡረተኞችና ከሌላ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች የርቀት መነጽራቸውን አንግተውና የውኃ ኮዳቸውን ይዘው ከድንጋይ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ሥራቸው ቆጠራ ነው። ከአፍሪካ ወደ ምሥራቅ አውሮፓና ወደ መካከለኛው እስያ የሚመለሱ ንስሮች፣ ጭልፊቶችና ሽመላዎች ከበረሃው በላይ ሲያልፉ በዓይነትና በቁጥር ለይተው ይመዘግባሉ።

ወቅቱ ለሰሜኑ ዓለም ጸደይ ሲሆን ለኢትዮጵያ በልግ ነው። በኤይላት ተራሮች ላይ ከሚመዘገቡት አእዋፍ በርካታዎቹ ክረምታቸውን በምሥራቅ አፍሪካ ያሳለፉ፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊትም በስምጥ ሸለቆና በአፋር ሜዳዎች ላይ ሲያንዣብቡ የነበሩ ናቸው። በመሆኑም በዚያ በረሃ የሚያዘው መዝገብ ለሰመራ፣ ለጅግጅጋና ለአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶችም የሚነግረው ጉዳይ አለ።

የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር የአእዋፍ መተላለፊያ ተብሎ የሚታወቀው መስመር ለተንሳፋፊ አእዋፍ በዓለም ሁለተኛው ትልቅ መንገድ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በጸደይና በመጸው፣ 37 ዓይነት ዝርያ ያላቸው ከ1 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ ተንሳፋፊ አእዋፍ ይጓዙበታል። እነዚህ ግዙፍ አእዋፍ ክንፋቸውን እያራገቡ ረጅም ርቀት የመጓዝ አቅም የላቸውም፤ የሚተማመኑት ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ ወደ ላይ በሚነሳው ሞቃት አየር ላይ ነው። በአየሩ ተጠምጥመው ይወጣሉ፤ ከዚያም ክንፋቸውን ዘርግተው እስከ ቀጣዩ ሞቃት አየር ይንሸራተታሉ። በባሕር ላይ ይህ አየር ስለማይገኝ ሰፊ ውኃ መሻገር ይከብዳቸዋል። ስለዚህም የብሱ ከብስ በሚቀርብበት ጠባብ በር ለማለፍ ይገደዳሉ።

ለዚህ መስመር ሁለት ዋና በሮች አሉት። በመጸው ወራት ከእስያ የሚመጡት አብዛኞቹ ንስሮች ዓረቢያን አቋርጠው በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ይገባሉ። በጸደይ ግን በዚያው አይመለሱም፤ የቀይ ባሕርን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዘው ወደ ሰሜን ያቀናሉ፤ ሲናንም አቋርጠው በኤይላትና በአቃባ ሰማይ ላይ ይወጣሉ። እ.አ.አ. በ1985 ጸደይ በኤይላት በተደረገ ቆጠራ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳኝ አእዋፍ ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ 75 ሺህ የሚሆኑት ስቴፕ ንስር በመባል የሚታወቀው የመካከለኛው እስያ ሜዳ ንስር ነበሩ። እ.አ.አ. በ1987 መጸው ደግሞ በጅቡቲ ጠረፍ በባብ ኤል መንደብ ትይዩ ቆጠራ ያደረጉ ታዛቢዎች ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ አእዋፍ ሲመዘግቡ፣ ከእነዚህ 76 ሺህ 600 ያህሉ እነዚሁ ንስሮች ሆነው ተገኝተዋል። ቆጠራዎቹ የተካሄዱት በተለያየ ዓመትና ወቅት፣ እርስ በርሳቸው በእጅጉ በተራራቁ ሁለት ስፍራዎች ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ይህን ያህል ተቀራራቢ ናቸው። አንደኛው በር ሲዘጋ ወይም ሲበላሽ ሌላው ጎኑን ማየቱ እንደማይቀር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

በበጎ ፈቃደኞች የሚሰበሰብ እንዲህ ያለ መረጃ ለመንግሥት ውሳኔ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ለዚህ የእስራኤል አየር ኃይል ተሞክሮ መልስ ይሰጣል። የጦር አውሮፕላኖች ከአእዋፍ ጋር በመጋጨታቸው አገሪቱ አብራሪዎችንና አውሮፕላኖችን አጥታለች። የአእዋፍ ተመራማሪው ዮሲ ሌሸም እ.አ.አ. በ1980ዎቹ በምድር ላይ ያሉ ታዛቢዎችን፣ ራዳርንና ባለ ሞተር ተንሸራታች አውሮፕላንን አቀናጅተው የአእዋፉን መንገድ፣ የመተላለፊያ ጊዜና የበረራ ከፍታ የሚያሳይ ጥናት አዘጋጁ። አየር ኃይሉም በዚያ ላይ ተመሥርቶ አእዋፉ በሚበዙባቸው ቀናትና ከፍታዎች በረራ የሚገድብ መመሪያ አወጣ። ከዚያ በኋላ የደረሰው ግጭት በከፍተኛ መጠን ቀንሷል። ከተራራ ላይ የተመዘገበ ቁጥር በዚህ መልኩ ወደ መመሪያነት ተለውጧል፤ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባውም መመሪያው ሥራውን ሳያቆም ሰዓቱንና ከፍታውን ብቻ ማስተካከሉን ነው።

የኤይላት ሌላው ታሪክ ስለ ትናንሾቹ አእዋፍ ነው። ከ20 ግራም የማትበልጥ አንዲት ዘማሪ ወፍ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ተነስታ በረሃውንና ሲናን አቋርጣ ኤይላት ስትደርስ በአካሏ ያከማቸችው ስብ ሊያልቅ ተቃርቧል። ቀደም ባሉት ዘመናት በባሕረ ሰላጤው ራስ ላይ በነበረው ጨዋማ ረግረግ ላይ ታርፍ፣ በጨው ለመድ ቁጥቋጦዎች መካከልም ነፍሳትና ፍሬ እየለቀመች ጥቂት ቀናት ቆይታ ጉዞዋን ትቀጥል ነበር። ከተማዋ ስትስፋፋ ግን የረግረጉ አብዛኛው ክፍል ለሆቴሎች፣ ለቴምር እርሻና ለጨው ማምረቻ ኩሬዎች ዋለ። አእዋፉም ያንኑ ቦታ ፍለጋ መምጣታቸውን አልተዉም፤ መንገዳቸውን የቀየሰው ተፈጥሮ እንጂ የከተማው ፕላን አይደለምና።

እ.አ.አ. በ1993 በዚሁ አካባቢ የአእዋፍ መጠበቂያ ስፍራ ሲቋቋም የተሰጠው መሬት የቀድሞ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነበር። ቆሻሻው በአፈር ተሸፈነ፤ ጨው የሚችሉ አገር በቀል ቁጥቋጦዎች ተተከሉ፤ ኩሬም ተዘጋጀ። በየጸደዩ በመጠበቂያው በሚዘረጋ ስስ መረብ የሚያዙ አእዋፍ ይመዘናሉ፤ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት በእግራቸው ላይ ይታሰርና ይለቀቃሉ። ያው ወፍ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳግም ከተያዘች የጨመረችው ክብደት ይታወቃል፤ ይህም የተተከለው ቁጥቋጦ ማገልገል አለማገልገሉን በግራም የሚለካ ማስረጃ ይሆናል። የተማሪ ቡድኖችና ጎብኚዎች ሥራውን በቅርብ ይመለከታሉ። በሰሜን በኩል ባለው የአራቫ ሸለቆ የሚገኘው የሎታን መንደር ነዋሪዎችም እንዲሁ በመንደራቸው ዙሪያ ለአእዋፍ ማረፊያ የሚሆን ቦታ አዘጋጅተዋል።

ከድንበሩ ባሻገር በዮርዳኖስ አቃባ የሚታየውም ከዚህ ብዙ የተለየ አይደለም። በአቃባ የታከመ የፍሳሽ ውኃ በሚጠራቀምባቸው ኩሬዎች አጠገብ የአእዋፍ መመልከቻ ስፍራ ተቋቁሟል፤ የሚያስተዳድረውም የዮርዳኖስ ንጉሣዊ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ነው። ሁለቱ ከተሞች የተጠቀሙበት መሬት አንደኛው የቆሻሻ፣ ሌላኛው የፍሳሽ መሆኑ የሚደነቅ ነው። በበረሃ ውድ የሆነው ነገር ውኃ ስለሆነ ማዘጋጃ ቤት የሚጥለው ውኃ ለወፍ ሲሳይ ይሆናል።

ይሁን እንጂ የኤይላት ተሞክሮ በስኬት ብቻ የተሞላ ነው ማለት አይቻልም። በ1985 75 ሺህ ገደማ የተቆጠረው ንስር ከዚያ ወዲህ በተካሄዱ ቆጠራዎች ያስመዘገበው ቁጥር ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ሲሆን፣ እ.አ.አ. በ2015 የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች ተርታ ተመድቧል። ኤይላት ላይ የተቀመጡት ታዛቢዎች መቀነሱን አይተዋል፤ መንስኤው ግን በአመዛኙ በእነርሱ እጅ አልነበረም። አንድ ንስር በሚራባበት የእስያ ሜዳ፣ በሚያልፍበት በረሃና በሚከርምበት የአፍሪካ ቆላ በሚደርስበት አደጋ ሁሉ ይሞታል፤ ከአደጋዎቹ መካከል ደግሞ ያለ ብዙ ውጣ ውረድ በመሥሪያ ቤት ውሳኔ ሊወገድ የሚችለው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው።

ለዚህ ከሱዳን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ከፖርት ሱዳን በቀይ ባሕር ዳርቻ የተዘረጋ 31 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ሥራ ላይ የዋለው እ.አ.አ. በ1950ዎቹ ነው። የምሰሶው አግዳሚ ብረት አናት ለጥንብ አንሳ ምቹ ማረፊያ ቢሆንም ኤሌክትሪክ የተሸከመው ሽቦ ከብረቱ በጣም ቀርቦ የተዘረጋ ነበር። ወፉ በብረቱ ላይ ቆሞ በክንፉ ሽቦውን ሲነካ ወዲያው ይሞታል። እ.አ.አ. በ1982 አንድ ተመራማሪ በምሰሶዎቹ ሥር የ50 ያህል የግብጽ ጥንብ አንሳ አስከሬኖችን አገኘ። ከ28 ዓመት በኋላ፣ እ.አ.አ. በ2010፣ ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያው መስመር ሲመለሱ 17 ሌሎች ሬሳዎችን አገኙ። መስመሩ ከአገልግሎት ወጥቶ በሽፋን የተጠበቀ ሽቦ ባለው መስመር የተተካው እ.አ.አ. በ2014 ነው። ከተሠራበት ጊዜ አንስቶ ስልሳ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ምሰሶው ሲነደፍ ሽቦውን ከአግዳሚው ብረት በታች ማንጠልጠል ወይም በምሰሶው አካባቢ ያለውን የሽቦ ክፍል መሸፈን በቂ ይሆን ነበር።

የግብጽ ጥንብ አንሳ እ.አ.አ. በ2007 የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች መካከል ተመድቧል። በባልካን አገሮች በ1980ዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች ይራቡ የነበረ ሲሆን አሁን የቀሩት ጥቂት ደርዘኖች ናቸው። በቡልጋሪያና በግሪክ ጎጆ የተወለዱና በጀርባቸው የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው ጥንብ አንሳዎች ካረፉባቸው ስፍራዎች አንዱ የአፋር ቆላ ነው። ባለሙያዎች በአካባቢው በመንገድ ዳር ባደረጓቸው ቆጠራዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንብ አንሳዎችን አግኝተዋል፤ ብዙዎቹም የሚያድሩት በኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ ነው። ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ማንኛውም ሰው ያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክን ሲያቋርጥ ይህን በዓይኑ ሊያይ ይችላል።

እዚህ ላይ ልዩነቱን መለየት ያስፈልጋል። ረጃጅም ብረት ማማዎች ያላቸው ከፍተኛ ኃይል አስተላላፊ መስመሮች ሽቦውን የሚይዘው መከላከያ ረጅም ስለሆነ ወፍ አርፎባቸው የመሞት ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ አደጋቸው በአብዛኛው በበረራ ላይ ከሽቦ ጋር መጋጨት ነው። ለወፍ ይበልጥ ገዳይ የሆነው ወደ ገጠር ከተሞችና ወደ ውኃ ጉድጓድ ማሽኖች የሚዘረጋው የመካከለኛ ኃይል ማከፋፈያ መስመር ነው፤ የቆላው ኤሌክትሪክ ማስፋፊያ በዋነኝነት የሚከናወነውም በዚህ መስመር ነው። ኤሌክትሪክ ለአርብቶ አደሩ መድረሱ ግድ መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክር ነገር ካለ ምሰሶው ሲገዛ የተመረጠው ንድፍ ነው፤ ንድፉ በጨረታ ሰነድ ላይ ሲጻፍ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው፤ ከተተከለ በኋላ ግን በሺህ የሚቆጠር ምሰሶ ላይ ወጥቶ መጠገን ይጠይቃል።

የንፋስ ኃይልም ከዚህ ጋር ይነሳል። በሶማሌ ክልል አይሻ የንፋስ ማመንጫ የሚገነባበት ሜዳ ከባብ ኤል መንደብ ለሚመጡት ንስሮች ሩቅ አይደለም። በግብጽ በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳር በጀበል ኤል ዘይት ራዳርና የሰለጠኑ ታዛቢዎች በጋራ እየሠሩ በጸደይ ወራት መንጋ ሲቃረብ ተርባይኖቹን ለጊዜው የማቆም አሠራር ተግባራዊ ሆኗል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ቁልፍ ነገር ወፍን ከርቀት ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

እንዲህ ያሉ ሰዎችን ለማፍራት ኢትዮጵያ ከባዶ አትነሳም። እ.አ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.አ.አ. በ1996 ለአእዋፍ ጠቃሚ የሆኑ 69 ስፍራዎችን ለይቶ ያሳወቀ ሲሆን፣ በትምህርት ቤቶችም የተፈጥሮ ክበባትን አደራጅቷል። አገሪቱ ተጓዥ የዱር እንስሳትን ለመጠበቅ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባልም ናት። ከሁሉም በላይ አርብቶ አደሩ አለ። ግመሉን ተከትሎ ከጉድጓድ ጉድጓድ የሚዘዋወር ሰው ጥንብ አንሳው የት እንደሚያድር፣ በየትኛው ምሰሶ ሥር የሞተ ወፍ እንደሚገኝ ያውቃል፤ ጠይቆ የሚመዘግብለት ግን አላገኘም። አንድ የወረዳ ባለሙያ፣ ሁለት የርቀት መነጽርና አንድ መዝገብ ለጅምሩ በቂ ናቸው። ኤይላትም ሲጀምር ከዚህ ብዙ የተሻለ አልነበረውም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የልማት ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት የሚያስከትሉት ተጽዕኖ እንዲጠና ደንግጓል። ችግሩ የሚገኘው በጥናቱ የጊዜ ሰሌዳ ላይ ነው። የመስክ ጉብኝቱ በሐምሌ ከተደረገ ባለሙያው በቆላው ሰማይ ላይ የሚያየው አሞራ ጥቂት ነው፤ ያየውንም በታማኝነት ይጽፋል፤ ሰነዱም «በአካባቢው ጉልህ የአእዋፍ እንቅስቃሴ አልታየም» የሚል ቃል ይዞ ይጸድቃል። በዚያው ስፍራ በጥቅምት ወይም በየካቲት የቆመ ሰው የሚጽፈው ሌላ ነው። የጥናት ውለታ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ቆጠራው በመጸውና በበልግ እንዲካሄድ በአንድ መስመር ቢያሰፍር ለአማካሪው የሚጨምረው የጥቂት ሳምንታት የውሎ አበል ነው።

በኤይላት ተራሮች ያሉት ቆጣሪዎች በግንቦት ላይ መነጽራቸውን ያጥፋሉ። የተረፉት ንስሮች በመስከረም መጨረሻ ከእስያ ተነስተው በጥቅምትና በኅዳር በባብ ኤል መንደብ በኩል ይመለሳሉ፤ ከጠረፉ እስከ አይሻ ሜዳ ያለው ርቀት ጥሩ ሞቃት አየር ላገኘ ንስር የአንድ ቀን መንገድ ነው።