አብሽ በፈረስ መኖ ውስጥ

በደብረ ዘይት ከተማ፥ በጋሪ መቆሚያ አጠገብ፥ አንድ ሽበታም ባለጋሪ ሌሊቱን ነክረው ያሳደሩትን አብሽ ከፉርሽካ ጋር በእጃቸው ለውሰው ለፈረሳቸው ሲያቀርቡ አየሁ፤ ከሲታው ፈረስም ሽታው ገና ከሩቅ ሲደርሰው ጆሮውን አቅንቶ፥ የሳፋውን ጠርዝ ሳይቀር በምላሱ ጠርጎ በላ። ሽማግሌውም «አብሽ ሆዱን ያለሰልስለታል፤ አባቴም እንዲህ ያደርግ ነበር» አሉኝ።

ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረስ ስም በተጠሩባት አገር፥ ይህን የመሰለ የአበው ትውፊት በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ የእንግሊዝ አገር ጥናት ፈረሶች ልዩ ልዩ ጣዕም ያለው መኖ ቀርቦላቸው ሲያማርጡ፥ ከሁሉ አስቀድመው የወደዱት አብሽን ነበር፤ ስለዚህ በበሽታ ወይም በድካም መኖ ለጠላ ፈረስ አብሽ ማቅመስ ማስተዋል ያለበት ሥራ ነው። ተልባም በደንብ ተቀቅሎ ሲሰጥ ቅባቱ ለፈረስ ይጠቅመዋል።

ነገር ግን ዕፅ ሁሉ መጠን አለው። በዚያው ዓመት በካናዳ የወጣ ሌላ ጥናት፥ ነጭ ሽንኩርት በብዛት የተመገቡ ፈረሶች ቀይ ደማቸው ተጎድቶ የደም ማነስ እንዳገኛቸው አሳይቷል፤ እኛ ግን ለሳል ነው፥ ለትል ነው እያልን ሳንመዝን በእፍኝ እንሰጣለን። ፈረስ በባሕርዩ የዋጠውን ማስታወክ የማይችል፥ ሣሩንም በትልቁ አንጀቱ በሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን የሚያብላላ ፍጡር ስለ ሆነ፥ መኖው በድንገት ሲለወጥበት ወይም ውኃ ሲያጥረው በብርቱ ቁርጠት ይያዛል። ፉርሽካም ፎስፈረሱ በዝቶ ካልሲየሙ የሚያንስ ነውና፥ ዘወትር እርሱን ብቻ የሚበላ ፈረስ አጥንቱ ይሳሳል፥ የፊቱም አጥንት ያብጣል፤ ይህን ጉድለት አብሽ አይሞላውም።

እንግዲህ ዕፀዋት ረዳት ይሁኑ እንጂ የመኖ ምትክ አይሁኑ እላለሁ። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ድርቆሽ፥ ጨውና በቂ ውኃ ሳያገኝ ፈውስ ከቅጠል መጠበቅ፥ ቀኑን ሙሉ ለሚደክምልን እንስሳ ፍርድ ማጓደል ነው። በደብረ ዘይት ያሉት የእንስሳት ሕክምና ሊቃውንትም እንደ እኚህ ባለጋሪ ካሉ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው፥ የትኛው ዕፅ በስንት ግራም፥ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ መዝነው በአማርኛ ቢጽፉልን ትልቅ ውለታ ይሆናል።

ሽማግሌውን «ውኃስ በቀን ስንት ጊዜ ይጠጣል?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ጠዋት ስንወጣና ማታ ስንገባ ነው፤ በመካከል ከየት ይገኛል?» አሉኝ። ጊዜው ገና ሦስት ሰዓት ነበር፥ ፀሐዩም መክረር ጀምሯል፤ በመቆሚያው ዙሪያ ከተሰለፉት ፈረሶች አጠገብ አንድም የውኃ ገንዳ አልነበረም። ከተማው ከጋሪ ግብር የሚሰበስብ ከሆነ፥ በየመቆሚያው አንዳንድ ገንዳ ያቁም።