መንገድ ለሰው፤ ለየትኛው ሰው?



በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች የአገራችን ከተሞች «መንገድ ለሰው» የተባለ ቀን ተጀመረ። በወሩ የመጨረሻ እሑድ የተመረጡ ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓት ለመኪና እየተዘጉ ሕዝቡ እንዲራመድባቸው፣ ብስክሌት እንዲነዳባቸው፣ ስፖርት እንዲሠራባቸው ሆነ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኛም እንደግፈዋለን። ነገር ግን መደገፍ ማለት ማጨብጨብ ብቻ አይደለምና አንድ ጥያቄ እናንሣ።

በዚህ ቀን አዘውትሮ የሚሰማው ስብከት «በእግር መሄድ ለጤና ይበጃል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ለማን ይሰበካል? በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ የሚፈጸመው በእግር ነው። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወደ ሥራዋ የምትወርደው እናት፣ የታክሲ ሒሳብ አጥሮት ዳገቱን የሚወጣው ተማሪ መራመድን ከማንም አይማሩም። የጎደላቸው ምክር ሳይሆን መንገድ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በብዙ ዋና ጎዳናዎች የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ የብስክሌት መስመርም ተሠርቷል። ይህን አለመመስከር ንፉግነት ነው። ዳሩ ግን ከዋናው ጎዳና ወደ ሰፈር የታጠፈ ሰው ክዳን የሌለው ቦይና መብራት የሌለው መንገድ ይገጥመዋል። እሑድ የተከበረው እግረኛ ሰኞ ይረሳል ማለት ነው።

በቦጎታ ከተማ ይህን የመሰለው ልማድ የተጀመረው በ1974 እ.ኤ.አ. ብስክሌት ወዳጅ የሆኑ ዜጎች በጠሩት ሰልፍ ነበር። ዛሬ እሑድ እሑድና በበዓል ቀን ከ120 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጎዳና ለሕዝቡ ይከፈታል። ጥቂቶች የጀመሩት የከተማው ሥርዐት ሆነ።

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረታችን ከከተማው አስተዳደር ጋር ተስማምቶ፣ በየሦስት ወሩ አንድ እሑድ ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ ያለው ጎዳና ከግል መኪና ነጻ እንዲሆን ያድርግ። አስቀድመን ዕድሮችን፣ ባለሱቆችን፣ የታክሲ ነጂዎችንና ረዳቶቻቸውን እናማክር። ወደ የካቲት 12 ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ለአምቡላንስና ለሕመምተኛ ይከፈት፤ አካል ጉዳተኛና አረጋዊ የያዘ መኪናም ይለፍ።

«የታክሲ ነጂውን የእሑድ እንጀራ ትነጥቃላችሁ» የሚለን ይኖራል። አንነጥቅም። ለአውቶቡስና ለታክሲ አንድ መስመር ይተውላቸው። አንድ አውቶቡስ የሚጭነው ሕዝብ በግል መኪና ቢወጣ ጎዳናውን ይሞላዋልና የብዙኃኑ ማመላለሻ የእግረኛው ወንድም እንጂ ጠላቱ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ቀኑ የሥራ ቀን ይሁን። የምሕንድስናው ተማሪ የእግረኛውን መንገድ ስፋት ይለካ፤ የሕክምናው ተማሪ ሰው የሚጎዳበትን መሻገሪያ ይመዝግብ፤ የሕጉ ተማሪ ለወረዳው የሚቀርበውን ማመልከቻ ይጻፍ። ዝርዝሩ በዚህ ጋዜጣ ይታተም። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰን የትኛው ቦይ እንደ ተከደነ፣ የትኛው አፉን ከፍቶ እንደ ቀረ እንመልከት።

ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጎዳናን ለግማሽ ቀን መዝጋት ቀላል ነው፤ ቁም ነገሩ ሰኞ ጠዋት ያቺ እናት ያለ ሥጋት ተራምዳ ከሥራዋ መድረሷ ነው። ሥራችን የሚመዘነው በዚያ ነው።