ዕድሩ ከቀብር በፊት ይምጣ

የዕድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ጡሩምባ ነፊዎች! ድንኳን ለመትከል የምንፈጥነውን ያህል የአረጋዊ ሳል ለማስመርመርም እንፍጠን።

የመዘግየቱ ነገር ከትምህርት ይጀምራል። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ማንበብ የሚችለው ኢትዮጵያዊ ከመቶ አስር አይሞላም ነበር። የያኔዎቹ ወጣቶች ዛሬ ሰባን ያለፉት እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙዎቹን ፊደል አስቆጥሯል፤ በዩኔስኮም አሸልሟል። ማታ ማታ የተቆጠረ ፊደል ግን ጡረታ አያስገኝም፤ መስኮት ያለው ቤት አይሠራም፤ ሐኪም ፊት «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» የሚያሰኝ ድፍረትም በቀላሉ አይሰጥም።

ቲቢን እዩት። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል መመርመር አለበት። እኛ ግን «እርጅና ነው» እንላለን፤ አረጋዊውም «ብርድ ነው የመታኝ» ብለው ጋቢ ይደርባሉ። የሳንባ ምች ደግሞ ይብሳል፤ አረጋዊን ሲይዝ ትኩሳት ሳያሳይ፣ ምግብ በማስጠላትና ነገር በማምታታት ብቻ ሊመጣ ይችላል። አንድ ጡረተኛ መምህር ቢታመሙ አንብበው፣ ጠይቀው፣ ተከራክረውም በጊዜ ይደርሳሉ። ጎረቤታቸው እማማ ግን ካርድ ክፍል «ቅጽ ሙሉ» ሲባሉ ተመልሰው ይሄዳሉ። በሽታው አንድ፣ ዕድሜያቸው እኩል፤ ያለያያቸው ከስልሳ ዓመት በፊት መምህሩ ተማሪ ቤት ሲውሉ እማማ ውሃ መቅዳታቸው ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር ስብሰባ እንወስን። እያንዳንዱ ዕድር ከወጣቶቹ አንባቢ ይመድብ፦ የቀጠሮ ካርድ የሚያነብ፣ ጤና ጣቢያ አብሮ የሚሰለፍ፣ የመድኃኒቱን አወሳሰድ ሰምቶ ማታ የሚያስታውስ፣ የሰማውንም ምስጢር የሚጠብቅ። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ይበቃል። (ወጣቶቹ ስልክ ላይ ከሚያፈጡበት ጊዜ ሩቡ ይተርፋል፤ ሩቡም በዛ ካላችሁ እናንተው ሂዱ።) የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ላቃተው ከዕድሩ ካዝና እንክፈል፤ ምንም ለሌለው በቀበሌው ተከራክረን በነፃ ታካሚዎች መዝገብ እናስገባ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም እንጥራት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአብዛኛው ስለ እናትና ሕፃን ነው በር የሚያንኳኳው፤ የአያትም በር ይንኳኳ!

ከጤና ተቋማትም የምንጠይቀው አለ። ቅጽ የሚሞላ ሰው በር ላይ ይቀመጥ። ማሸጊያው በእንግሊዝኛ የተጻፈ መድኃኒት ለማያነብ ሰው እንዲሁ አይታደል፤ አወሳሰዱ በቃል ይነገር፣ ታካሚውም በራሱ አንደበት ደግሞ እስኪናገር አይሸኝ። ለሕፃናት የሚሰጠው የሳንባ ምች መከላከያ (የኒሞኮከስ) ክትባት ለአረጋውያንም እንዲታሰብ ጤና ሚኒስቴርን ደጋግመን እንጠይቅ፤ ለአንድ ሰው ደብዳቤ ዝም ይባል ይሆናል፣ በመቶ ዕድር ማኅተም ለወጣ ግን መልስ መስጠት ግድ ነው።

የዕድሩ ጸሐፊ፣ መዝገቡን ግለጥ። ብቻቸውን የሚኖሩትንና የሚያስሉትን አረጋውያን ቤት በየሠፈሩ ጻፍ፤ ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ እንዙር።