ዋጫ በማን ሥር ናት? የመረጃ መያዣ ፕሮግራሞች ሲሻሻሉ መቅደም ያለበት ጉዳይ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን አማን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዋጫ፣ በከፋ ዞን የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ለሰው ይህን ለማስረዳት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለኮምፒዩተር ግን አይበቃም፤ ጨና በማን ሥር እንደሆነች፣ ከፋም እንዲሁ በማን ሥር እንደሆነ ሊነገረው ያስፈልጋል። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ደግሞ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በንጉሡ ዘመን መልሱ መቀመጫው ጅማ የነበረው የከፋ ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ በደርግ ዘመን የከፋ ክፍለ ሀገር ተባለ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ አካባቢው ክልል 11 ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ከክልል 7 እስከ ክልል 11 ያሉት ተዋሕደው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልን መሠረቱ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከፋ ከሸካ፣ ከቤንች ሸኮ፣ ከዳውሮ፣ ከምዕራብ ኦሞና ከኮንታ ጋር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ተካተተ። በዚህ ሁሉ መካከል ዋጫ ከነበረችበት ፈቀቅ አላለችም።

ይህ የአስተዳደር እንጂ የሳይንስ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኛ ግን በአገራችን የምንጠቀምባቸው የመረጃ መያዣ ፕሮግራሞች ወደፊት እንዴት ይሻሻሉ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘንም።

መረጃን በአርእስትና በንዑስ አርእስት ደልድሎ የሚይዝ ፕሮግራም አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ባቀረበው ዝነኛ ትርኢት፣ ዝርዝሩ እንደ አስፈላጊነቱ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ማያ ገጽ ላይ አሳይቷል። የአሠራሩ ቅርጽ የዛፍ ነው፤ ግንድ፣ ቅርንጫፍና ቅጠል አለው። እያንዳንዱ ቅጠል አንድ ወላጅ ብቻ ይኖረዋል። ቅርንጫፉን ነቅለን ወደ ሌላ ግንድ ብንወስደው ቅጠሎቹ ሁሉ አብረውት ይሄዳሉ። ለድርሰት ዝግጅት ይህ ድንቅ ባሕርይ ነው። ለታሪክ ግን አደጋ አለው።

አደጋውን በቅርብ ምሳሌ እንመልከት። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ተቋማትን ዘገባ የሚሰበስበው፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሚመራው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 በተባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙም ተቋማትን በዛፍ መልክ ያደራጃል፤ ጤና ኬላው ከጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው ከወረዳ፣ ወረዳው ከዞን፣ ዞኑም ከክልል ሥር ይውላል። እንግዲህ በ2014 ዓ.ም. ከፋ ክልል ሲለውጥ ባለሙያው ሁለት ምርጫ ነበረው እንበል። አንደኛው የከፋን ቅርንጫፍ ከነቅጠሎቹ ወደ አዲሱ ክልል ማዛወር ነው። እንዲህ ሲደረግ የ2011 ዓ.ም. የወባ ሕሙማን ቁጥርም አብሮ ይዛወራል፤ የቀድሞው የደቡብ ክልል የ2011 ዘገባ ዛሬ ተመልሶ ቢወጣ በ2011 ታትሞ ከተሰራጨው ጋር አይገጥምም። ያን ጊዜ ያልነበረ ክልልም የ2011 ዘገባ ያለው ይመስላል። ሁለተኛው ምርጫ የቀድሞውን ቅርንጫፍ ዘግቶ በአዲሱ ክልል ሥር አዲስ መክፈት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የዋጫ ጤና ጣቢያ በ2014 ዓ.ም. ገና የተወለደ ይሆናል፤ ወባ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ ለሚለው ጥያቄ የሚያስፈልገው ተከታታይ መረጃ መሐሉ ላይ ይበጠሳል።

ችግሩ የከፋ ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሥርተው የቀድሞው የደቡብ ክልል ስም ከካርታው ጠፋ።

የሥነ ዕፀዋት ሊቃውንት በሌላ መንገድ ሄደዋል። በስምንት ቅጽ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ፣ ዕፀዋት የሚገኙበትን ቦታ የሚገልጸው በአመዛኙ የቀድሞዎቹን ጠቅላይ ግዛቶች ወሰን ተከትለው በተሰመሩ ክልሎች ነው። ከፋም «ኬ.ኤፍ.» በሚል ምልክት ተመዝግቧል። መንግሥት ቢለዋወጥም ምልክቱ አልተለወጠምና ጥበብ ያለበት አሠራር ነው። ነገር ግን ይህ «ከፋ» የጅማን አካባቢ ጭምር የሚያቅፈው የቀድሞው ከፋ እንጂ የዛሬው ዞን አይደለም። ይህን ያላስተዋለ ወጣት ተመራማሪ ከጅማ ደን የተሰበሰበን ናሙና ቦንጋ አጠገብ ሊያበቅለው ይችላል። የአራቢካ ቡና በዱር በሚበቅልበት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ በመዘገበው ደን ውስጥ ለሚደረግ ጥናት ስሕተቱ ቀላል አይደለም። የአንድ የቡና ዝርያ ናሙና ዋጋው ከየትኛው ሸንተረር እንደ ተለቀመ በማወቅ ላይ ነው።

ስለ ስም አጻጻፍ ጥቂት እንጨምር። ጊምቦ፣ ግምቦ፣ ጊንቦ፤ ዋጫ፣ ዋቻ፤ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ከፋ ብቻውን ቢያንስ አራት ዓይነት አጻጻፍ አለው። ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ አንድ ቦታ በሁለት ፊደል መመዝገቡ የማይቀር ነው። በአማርኛችንም ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሦስት ናቸው። «ኅብረት» ብሎ የመዘገበ ሰው «ህብረት» ብሎ ቢፈልግ ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል። ይህን ማስተካከል ለአንድ ጎበዝ ተማሪ የጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው።

ይልቁንም የሚያሳስበን ፕሮግራሞች የሚሞቱ መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ እጅግ የተወደደው ኤኮ ፕሮ የተባለው የመረጃ ማደራጃ ፕሮግራም፣ አምራቹ በቃኝ ባለ ጊዜ ተጠቃሚዎቹን ሜዳ ላይ ጥሏቸዋል። በአንጻሩ ካርስተን ዶሚኒክ የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ኦርግ ሞድ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ መረጃውን የሚይዘው ማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ሊከፍተው በሚችል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ነገ ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉ አይጠፋም። እኛም የራሳችን ትዝታ አለን። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመካተቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የጻፍናቸው ሰነዶች ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደላት ዝባዝንኬ ሆነው ቀርተዋል። ከመካከላችን የመመረቂያ ጽሑፉን ዛሬ ማንበብ የማይችል አለ።

ስለዚህ የማሻሻያ ዕቅድ ሲወጣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለገጽታ ውበት፣ ለባለ ቀለም ሥዕላዊ መግለጫ ወይም ለስልክ መተግበሪያ ሊሆን አይገባም እንላለን። ቅድሚያ የሚገባው ለትዝታ ነው። ቅጠሉ የማይለወጥ የራሱ መለያ ቁጥርና የኬክሮስ ኬንትሮስ ልክ ይኑረው፤ ከወላጁ ጋር የሚያገናኘው ክርም የተቋጠረበትና የተፈታበት ቀን ይጻፍበት። ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የእያንዳንዱን ተቋም የመክፈቻና የመዝጊያ ቀን ይይዛል፤ ከዛፉ ጎን ለጎን በቡድን መመደብም ይፈቅዳል። የጎደለው የክሩ ቀን ነው። ይህ ፕሮግራሙን ያወሳስበዋል፣ የወረዳውን መረጃ ሠራተኛም ያደክመዋል የሚለውን ተቃውሞ እናውቀዋለን፤ እውነትም አለበት። ነገር ግን ቀኑን የሚመዘግበው የዛፉ አስተዳዳሪ እንጂ በየወሩ ቁጥር የሚያስገባው ሠራተኛ አይደለም፤ ወሰን በተለወጠ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሥራውን ማን ይሥራው ለሚለው መልሱ በራሳችን ግቢ ውስጥ ይመስለናል። በየዓመቱ ተመራቂ ተማሪዎች «የመረጃ አያያዝ ሥርዓት» የሚል ርእስ ይዘው ከባዶ ይነሣሉ፤ ሠርተው ያቀርባሉ፣ ውጤት ያገኛሉ፣ ዲስኩ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ቡድን ያንኑ ከባዶ ይጀምራል። የሰው ሥራ ማሻሻል እንደ ፈጠራ ስለማይቆጠር ነጥብ አያሰጥም። ይህ ልማድ መቅረት አለበት፤ ኮዳቸው ክፍት በሆኑ ፕሮግራሞች ላይ የሚደረግ ማሻሻያ እንደ ሙሉ የመመረቂያ ሥራ ሊመዘን ይገባል።

መፈተኛው ጥያቄም ከወዲሁ ተዘጋጅቷል። ዋጫ በ1975፣ በ2005 እና በ2015 ዓ.ም. በማን ሥር ነበረች? ተሻሽሎ የሚቀርበው ፕሮግራም ከአንዱ መዝገብ ሦስት የተለያዩ፣ ሦስቱም ትክክል የሆኑ መልሶች ማውጣት አለበት።