ብቅ ጥልቅ የሚል የኤሌክትሪክ ብልሽት፦ ዕቃ ከመለወጥ በፊት መለካት

ብዙ ዓመት ያገለገለ መኪና ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል። ቀትር ላይ፣ ሞተሩ እንደ ሞቀ ቁልፉ ሲዞር ግን አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ይህን የሚያደርገው ከአሥር ጊዜ አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ወደ ጋራዥ በወሰደው ቀን ብልሽቱ አይታይም። በመጀመሪያ ባትሪው ይለወጣል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብልሽቱ ሲመለስ ሞተሪኖው ይለወጣል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ መኪናውን ይሸጣል፤ ጉድለቱም ከነታሪኩ ሳይሆን ለብቻው ወደ ገዢው ይተላለፋል።

በእንዲህ ያለ ታሪክ መጨረሻ ተደጋግሞ የሚገኘው ጥፋተኛ ርካሽ ነገር ነው፦ ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኘው፣ በጋራዥ ቋንቋ ማሳ የሚባለው ገመድ፣ ወይም እርሱን የሚያስረው ብሎን። ሞተሪኖ ሞተሩን ሲያዞር 150 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል። ይህ ሁሉ ጅረት የሚያልፍበት ማሰሪያ በዝገት ምክንያት 0.02 ኦም ሬዚስታንስ ብቻ ቢጨምር፣ በኦም ሕግ መሠረት 3 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ከባትሪው 11 ሆኖ የወጣው ቮልቴጅ ሞተሪኖው ዘንድ 8 ብቻ ይሆናል። ሞተሪኖው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሞተ ይመስላል።

ዕቃ እየለወጡ መመርመር ጉዳቱ ገንዘብ ማባከኑ ብቻ አይደለም፤ ሐሰተኛ ማስረጃም ያፈራል። ባትሪ ወይም ሞተሪኖ ለመለወጥ ማሰሪያዎች ተፈትተው እንደገና ይታሰራሉ። በዚህ መካከል በብረቱ ላይ የነበረው የዝገት ሽፋን ይፋቃል፣ የላላው ይጠብቃል፣ መኪናውም ለሳምንታት ይድናል። ምስጋናውን የሚወስደው ግን አዲሱ ዕቃ ነው። በምርምር ዓይን ሲታይ፣ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተለውጠው ውጤቱ ለአንዱ ብቻ ተቆጥሯል። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ እንዲህ ያለ የሙከራ ንድፍ ቢያቀርብ አማካሪው ከመጀመሪያው ገጽ ይመልሰዋል፤ በጋራዥ ግን የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በኦም መለካት እዚህ ላይ ያታልላል፤ ቴስተሩ የሚልከው ጅረት እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ ከብዙ ክሮቹ አንድ ብቻ የቀረው ገመድ እንኳ ጤነኛ ሆኖ ይነበባል። መለካት ያለበት ጅረቱ በሙሉ ኃይሉ ሲያልፍ የሚጠፋው ቮልቴጅ ነው። የቴስተሩ አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላው በሞተሩ ብረት ላይ ተደርጎ ቁልፉ ሲዞር ንባቡ ከ0.2 ቮልት ብዙ ካልዘለለ መንገዱ ደኅና ነው። አንድ ቮልት ቢያሳይ፣ አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ ጥፋተኛው ተገኝቷል። የኮምፒውተር ምርመራም ወሰን አለው። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ የሆነው ሥርዓት የሚመዘግበው ኮምፒውተሩ የሚከታተለውን ብቻ ነው፤ ወፍራሙን የማሳ ገመድ ደግሞ በቀጥታ አይከታተልም። እንዲያውም በማስነሻው ቅጽበት ቮልቴጁ ሲወርድ ንጹሓን ሴንሰሮችን የሚከስ ኮድ ሊመዘገብ ይችላል።

ከጥገናው በኋላ የሚሰጠው ፍርድም ጥንቃቄ ይሻል። እያንዳንዱ ማስነሻ ከሌላው ነጻ ነው ቢባል፣ ከአሥር አንዴ የሚከሰት ብልሽት ምንም ሳይነካ ቢተው እንኳ በተከታታይ አሥር ጊዜ ላለመታየት ያለው ዕድል 35 በመቶ ያህል ነው። ይህ ዕድል ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ 29 ማስነሻዎች ያስፈልጋሉ፤ ያውም ብልሽቱ በሚወደው ሁኔታ፣ ሞተሩ እንደ ሞቀ። በማለዳ ብርድ ሦስት ጊዜ አስነሥቶ «ድኗል» ማለት ምንም እንዳልመረመሩ ይቆጠራል።

ቸልታው ከገንዘብ በላይ ሊያስከፍል እንደሚችል የጄኔራል ሞተርስ የቁልፍ ማስነሻ ጉዳይ ያሳያል። በሼቭሮሌት ኮባልትና በመሰሎቹ መኪኖች ማስነሻው በጉዞ ላይ ሳለ በትንሽ ንቅናቄ ከቦታው ተንሸራትቶ ሞተሩን ያጠፋ ነበር፤ በዚያው ቅጽበት ግጭት ቢደርስ ኤርባጉ ላይከፈት ይችላል። ቁልፉ ተመልሶ ሲዞር መኪናው ይነሣል። በዚህም ምክንያት ቅሬታው በኩባንያው ውስጥ ለዓመታት ከደኅንነት ይልቅ የደንበኛ ምቾት ጉዳይ ሆኖ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዕቃው ሲሻሻል የመለያ ቁጥሩ ሳይለወጥ ስለቀረ፣ አሮጌውን ከአዲሱ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለእርማት የተጠሩት መኪኖች 2.6 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ የካሳ ፈንዱም 124 የሞት አቤቱታዎችን ተቀብሏል።

በኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ በመንገድ ላይ ያሉት ከነአሮጌ ገመዳቸው ብዙ ዓመት መሥራታቸው የማይቀር ነው። መካኒኩን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ደንበኛው ከሶማሌ ተራ ለተገዛ ሞተሪኖ ሳያንገራግር ይከፍላል፤ ሁለት ሰዓት ለፈጀ ልኬትና ለአንድ ብሎን መጥበቅ ሲጠየቅ ግን «ምን ሠራህና?» ይላል። በዚህ ሁኔታ ዕቃ የሚለውጠው መካኒክ ይጠቀማል፣ የሚለካው ይከስራል።

ስለዚህ የምርመራ ዋጋ ከዕቃና ከመግጠሚያ ዋጋ ተለይቶ፣ ብልሽቱ ባይገኝም የሚከፈል ሆኖ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። በምላሹ ጋራዡ የተለኩትን ቁጥሮች፣ የሞተሩን ሙቀትና የማስነሻውን ብዛት የያዘ ወረቀት ለባለቤቱ ይስጥ። «ብልሽት አልተገኘም» የሚለው ቃልም በምን ሁኔታ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተፈለገ ካልተጻፈበት ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። መኪናው ሲሸጥ ይህ ወረቀት ከሊብሬው ጋር አብሮ ቢሄድ፣ ቀጣዩ መካኒክ እንደገና ባትሪ ከመለወጥ አይጀምርም።