እራት፣ ተረት፣ እንቅልፍ

«ልጅ እንቅልፉ ሲመጣ ይተኛል፤ ሰዓት መወሰን የፈረንጅ ነገር ነው» ባዮች በዝተዋል። እኔ አልስማማም። በቢዮ አዋሌ ገጠር የሚነገረው ኦዱ ዱሪም፣ በመሀል አገር የምንለው ተረት ተረትም የማታ ነው። እራት፣ ተረት፣ እንቅልፍ፤ ይህ ሥርዓት ከፓሪስ መጣ እንዴ? የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 ዓ.ም. የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይተኛ፣ ስክሪን ፊት ግን ከ1 ሰዓት በላይ አይቀመጥ ብሏል። ድሬዳዋ ይሞቃል፣ እውነት ነው፤ ሙቀቱ ግን ሕፃን እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ስልክ ላይ እንዲያፈጥ አላዘዘም። ያዘዝነው እኛ ነን፣ ዝም እንዲልልን። ተረቱን ለስልክ አስረክበን «ልጁ ቋንቋውን ረሳ» ብለን ብናለቅስ፣ እንባችን የአዞ እንባ ነው።